ሐሙስ ሐሙስ የሚበላሽ በር

በሃዘርክላፍ የገበያ አደባባይ መሐል፣ ከቁራጭ ጨርቅ ሻጩና ከዓሣ ሻጩ ድንኳን መካከል፣ በብረት አጥር የታቀፈ ደረጃ ወደ መሬት ውስጥ ይወርዳል። የሕዝብ ሽንት ቤት ነው፤ የወንዶቹ በአደባባዩ ማዶ ነው፤ ይህኛው የሴቶች ነው። ጠባቂዋ ሄስተር ሆልሮይድ ፀጉሯ እስኪሸብት የኖረችው በዚህ ደረጃ ሥር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቤቷ የምትሄደው ለመተኛት ብቻ ነበርና።

ከላይ ሆኖ ለሚያየው ጉድጓድ ይመስላል። ሲወርዱበት ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ ነው፤ ወገቡ ላይ እንደ መቀነት የዞረ አረንጓዴ መስመር አለው። ጣሪያው ላይ ወፋፍራም የመስታወት ጡቦች ስለተገጠሙ ብርሃን ከአደባባዩ ይገባል፤ የገበያተኛውም የእግር ጥላ በላዩ ያልፋል። የሱፍ ፋብሪካ ሴቶች የእንጨት ጫማቸው ቋ ቋ እያለ ይመጣሉ፤ የሱቅ ሴቶች ደግሞ በቀጭን ተረከዝ እህል እንደምትለቅም ዶሮ። ሄስተር ደረጃው ላይ ሳይደርሱ ማን እንደሆኑ ታውቃለች፤ ማን እንደቸኮለችም ታውቃለች።

በስተግራ በሮቹ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ በር ላይ የናስ መቆለፊያ አለ፤ መቆለፊያው ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ፔኒ የሚሏትን አንዲት ሳንቲም ካልዋጠ በሩ አይከፈትም። ሄስተር ጠዋት ጠዋት ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ መጀመሪያ የምትወለውለው እነዚህን መቆለፊያዎች ነበር፣ ፊት እስኪያሳዩ ድረስ። ከዚያ ወለሉን በመድኃኒት ውሃ ታጥባለች፤ ከዚያ በትንሿ ክፍሏ ሻይዋን ትጥዳለች፤ ከዚያ መስታወቱ ሥር ያስቀመጠቻትን ቀይ አበባ ውሃ ታጠጣለች። ቅደም ተከተሉን አዛብታ አታውቅም።

በዚያ አገር ሴት ልጅ ሽንቴ መጣ አትልም። ብትሞትም አትልም። ብድግ ትልና ቦርሳዋን ይዛ፣ “ፔኒዬን ላጥፋና ልምጣ” ትላለች፤ የሰማውም ሁሉ ዓይኑን ወደ መስኮት ያዞርላታል። በገዛ ቤቷ፣ አንድም ሳንቲም በማይከፈልበት፣ ራሷ ባጠበችው ሽንት ቤት ለመግባት ስትነሳም የምትለው ይህንኑ ነው። ንግግሩ የመጣው ከእንደነዚህ ዓይነት በሮች ነው። የሄስተር እናት ወይዘሮ ሐና ግን ንግግሩ ሳይኖር የነበረውን ጊዜ ያስታውሱ ነበር።

“እኔ ልጅ ሳለሁ የወንዶቹ ብቻ ነበር” ይሉ ነበር ወይዘሮ ሐና። “ገበያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አንቀምስም። ከተራራው ቅቤና እንቁላል ይዘው የሚወርዱት ሴቶች ጉሮሯቸው እየደረቀ ጥቂት ይቸረችሩና ገበያው ሳይሞቅ ይመለሳሉ። ለሴቶቹም ይሠራ ሲባል የማዘጋጃ ቤት ትልልቆቹ ሰዎች ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፣ ጨዋ ሴት እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልጋትም አሉ። ሲሠራ ደግሞ ወንዱ በነጻ ቆሞ ሲሸና እኛን ፔኒ አስከፈሉን። ይሁን! ፔኒዋ አትቆጨኝም። ከዚያች ፔኒ በፊት ከተማው የወንዶች ነበር። እኛ እስከምንችለው ድረስ ብቻ ነበር የምንሄደው።”

ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር ባይከራከሩም የራሳቸውን ሕግ አወጡ። አንዷ ስትወጣ በሩን አትዘጋውም። በክርኗ ደገፍ አድርጋ ለተከታይዋ ትይዝላታለች፤ ተከታይዋም በዚያችው ፔኒ ትገባለች። ነግ በኔ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ይህን በጥቁር ፊደል ከልክሏል። ሄስተርም ሕግ አክባሪ ሴት ስለነበረች፣ በር ሲያዝ ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ እጅ መታጠቢያው ታዞርና ያልቆሸሸውን ቧንቧ ትወለውላለች።

ሌላም የምታውቀው ነገር ነበር። ፔኒዋን የምታጠፋ ሴት ሁሉ ሽንቷ መጥቶ አይደለም። ሴት ልጅ በከተማው ውስጥ በሯን ቆልፋ ብቻዋን የምትሆንበት ቦታ ይኸው ብቻ ነው። ሄስተር ከበሩ ሥር ጫማዋ ሳይንቀሳቀስ ብዙ የቆየች ሴት ስታይ፣ ድምፅ ሳታሰማ ትሄድና ቧንቧውን ትከፍተዋለች፤ ውሃው ሲንፏፏ ልቅሶ አይሰማም። ሴትየዋ ዓይኗን ጠርጋ ስትወጣ ቧንቧውን ትዘጋለች። ሁለቱም ስለ አየሩ ሁኔታ ያወራሉ።

ሄስተር አላገባችም። ያላት አንዲት ታናሽ እህት ናት፣ ኤዲት። ኤዲት ገና በልጅነቷም ጓንቷን የማታወልቅ ዓይነት ነበረች። የባንክ ጸሐፊ አግብታ፣ ኮረብታው ላይ መስኮቱ እንደ ደረት ወደ ውጭ የወጣ ቤት ገዝታ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ትኖራለች። ሆኖም ሐሙስ ሐሙስ፣ ገበያ በሚቆምበት ቀን፣ ከአውቶቡስ ወርዳ ከደረጃው ማዶ ባለው ሻይ ቤት ከእህቷ ጋር ትገናኛለች። ሁልጊዜ መስኮቱ ዳር ይቀመጣሉ፤ ሁልጊዜ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ተጠብሶ፣ ቅቤው ሳይቀልጥ እንዲመጣላቸው ያዛሉ። ሄስተር ሳምንቱን የምትቆጥረው በዚያ ዳቦ ነበር።

ኤዲት ግን ደረጃውን ወርዳ አታውቅም። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ። ሻይዋን አንድ ሁለት ጉንጭ ብቻ ትጠጣና አውቶቡሷ ሲደርስ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ሄስተርም፣ “ነይ ወርደሽ አበባዬን እዪልኝ” ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሁለቱም የማይነካ ነገር እንዳለ ያውቁ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በኤዲት ልጅ በማርጀሪ ሠርግ ነው። ሄስተር አዲስ ሰማያዊ ባርኔጣ ገዝታ ሄደች። ከምሳ በኋላ የሙሽራው እናት ወይዘሮ ቶርንበር፣ ባለ ትልቅ የወፍጮ መለዋወጫ ሱቅ፣ ሳህኗን ይዛ ወደሷ ዞረችና፣

“እርስዎስ ወይዘሪት ሆልሮይድ፣ ሥራ አለዎት ሲሉ ሰማሁ?” አለቻት።

ሄስተር አፏን ሳትከፍት ኤዲት ከጎን ጣልቃ ገባች። “ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ነው የምትሠራው።”

“ደግ ነዋ! ፎቅ ላይ ነዎት?”

“ታች ነኝ” አለች ሄስተር። “ምድር ቤት።”

“እንግዲያው መዝገብ ቤት ነው! ቀዝቃዛ ነው ይባላል።”

“እግር ይበርደዋል እንጂ ሌላው ደህና ነው” አለች ሄስተር፣ ኬኳን እየቆረሰች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ዝናብ በሚወርድበት ቀን፣ ቀጭን ተረከዝ ደረጃውን እየተጣደፈ ወረደ። ወይዘሮ ቶርንበር ናት። ቦርሳዋን ገልብጣ ትበረብራለች፤ ወረቀት ገንዘብ እንጂ ፔኒ የላትም። ሄስተር መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ሰጠቻት። ያኔ ነው ወይዘሮ ቶርንበር ቀና ብላ ፊቷን ያየችው።

“እንዴ! እርስዎ... መዝገብ ቤቱ...”

“ይኸው መዝገብ ቤቱ” አለች ሄስተር በትህትና። “ይግቡ እንጂ፣ ኋላ እናወራለን።”

አላወሩም። ወይዘሮ ቶርንበር እጇን እንኳ ሳትታጠብ ሄደች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኤዲት ሻይ ቤቱ አልመጣችም። የመጋረጃ ሰፊው ስለመጣባት ነው ተባለ። በሚቀጥለው ጉንፋን ያዛት። ከዚያም የባሏ የሃሮልድ ወንድም እንግድነት መጣ። ሄስተር መስኮቱ ዳር ብቻዋን ተቀምጣ ዳቦዋን እየበላች ከመስታወቱ ውጭ አውቶቡሶቹን ስትቆጥር ከርማ ነገሩ ገባት፤ ማለትም የገባት መሰላት። ወሬው ደርሷል። እህቷ አፍራባታለች።

አንድ እሑድ ግን ልቧ አልችል ብሏት ኮረብታውን ወጣች። ኤዲት በሩን ከፈተችና ለመሳም ጉንጯን ብቻ ሰጠቻት። ሳሎን ገቡ። ከእሳቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ወንበር ላይ፣ ከሥሩ ላስቲክ፣ ከላዩ ፎጣ ተነጥፎበታል። ሄስተር እንደልማዷ ወደዚያ ስትሄድ ኤዲት፣ “እዚያ አይደለም!” ብላ ጮኸችና ወደ እንጨቱ ወንበር መራቻት። ከዚያ ሻዩን ልየው ብላ ወጣች። ያለ ሻይ ተመለሰች። እንደገና ወጣች። እንደገና ያለ ሻይ ተመለሰች። በመጨረሻም ሰዓቱን አይታ፣

“አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ” አለቻት።

ሄስተር ካፖርቷን አላወለቀችም ነበር። ቁልቁለቱን ስትወርድ ስለዚያ ላስቲክ ታስብ ነበር። ሽንት ቤት የምታጥብ ሴት እንዳትነካው ወንበር ተሸፈነ፤ ተሸፍኖም እንኳ ተከለከለች። “በቃ” አለች ለራሷ፣ እንደሷ ላለ ዝምተኛ ሰው ከባድ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ምሳዋን ታች፣ በትንሿ ክፍሏ፣ ከሻይ ማፍያዋ ጋር መብላት ጀመረች። ከዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፤ ሁለቱም “እህቴ ደህና ናት” ይሉ ነበር ሰው ሲጠይቃቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ እርምጃ ደረጃውን ወረደ። ማርጀሪ ናት፣ ሆዷ እስከ አገጯ ገፍቶ።

“አክስቴ፣ መጀመሪያ በሩን! ሰላምታው ይደርሳል!”

ሄስተር ሮጣ ከፈተችላት። ማርጀሪ ስትወጣ እፎይ ብላ እጅ መታጠቢያው ላይ ተደገፈች።

“የምን ፔኒ ማጥፋት ነው፣ ሙሉ ደሞዜን አጠፋሁ’ኮ! ይኼ ልጅ ፊኛዬ ላይ ተቀምጦ ይጨፍራል። ባለፈው ለእማማ ‘እኔም እንዳንቺ ሆንኩልሽ’ ብላት እንዴት እንደተቆጣችኝ።”

“እንዳንቺ ማለት ምንድን ነው?”

ማርጀሪ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። “አታውቂም እንዴ? እኔ’ኮ ላንቺ የነገረችሽ መስሎኝ። እማማ ከቤት አትወጣም አክስቴ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን መጨረሻው ወንበር፣ በሩ ጋ መቀመጥ ጀመረች። አሁን እሱንም ትታዋለች። አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ... ታውቂያለሽ። ወንበሯ ላይ ላስቲክ አነጠፈች።”

ሄስተር መወልወያዋን አጥብቃ ያዘች። “ሐኪም አይቷታል?”

“ሄዳለች። ወገቤን ያመኛል አለችው። የሚታሽ ቅባት ሰጣት።” ማርጀሪ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ለኔም አልነገረችኝም’ኮ። ልብሷን ሳጥብ ነው ያየሁት። እኔም ከዚያች ቀልድ በቀር አላልኳትም፤ ምን ብዬ እላታለሁ?”

የዚያን ዕለት ሄስተር በሮቹን ቆልፋ በቀጥታ ወደ ኮረብታው አውቶቡስ ሄደች። ከጠዋት እስከ ማታ ሴቶች እየሮጡ ሲወርዱ ታያለች፤ የቸኮለችውን ከጥላዋ ትለያለች። የገዛ እህቷ ሁለት ጊዜ ከሳሎን ወጥታ ያለ ሻይ ስትመለስ ግን ስለ ራሷ ክብር እንጂ ስለ ሌላ አላሰበችም።

ኤዲት በሩን ስትከፍት ከስታ ነበር። አንገቷ ከአንገትጌዋ ውስጥ ይዋኛል።

“ቤቱ አልተጠረገም” አለች።

“ጠረጋ ልመረምር አልመጣሁም” አለች ሄስተርና አልፋት ገባች። ሄዳ አረንጓዴው ወንበር ላይ፣ ላስቲኩ ላይ፣ ቁጭ አለች።

“ሄስተር፣ እዚያ አይደለም...”

“እዚሁ ነው።”

የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ሄስተር በአውቶቡሱ ውስጥ ቃል ስትመርጥ መጥታ ነበር፤ አሁን አንዱም የለም። “ኤዲት፣ ፔኒሽን... ቶሎ ቶሎ...” ብላ ጀመረችና ቆመች። ያ ቃል ዕድሜ ልኳን ያገለገለችው ቃል ነው፤ ለዚህ ግን ልብሱ ጠበበው። ዓይኗን ጨፈነችና እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ገባችበት።

“ሽንትሽ አልያዝልሽ ብሏል። ደም አለበት?”

ኤዲት መጀመሪያ መስኮቱ መዘጋቱን አየች። ከዚያ ቆማ እንዳለች፣ “አለበት” አለች። “ከሠርጉ በፊት ጀምሮ።”

“ከሠርጉ በፊት? እኔ’ኮ አፍረሽብኝ የቀረሽ መስሎኝ ነበር።”

“አፍሬብሽም ነበር” አለች ኤዲት። ቀጥ ብላ ቆማ ታለቅሳለች፤ አሁን ግን አልዋሸችም። “መጀመሪያ ባንቺ አፈርኩ። ኋላ በራሴ አፈርኩ፣ የኋለኛው የፊተኛውን አስረሳኝ። አውቶቡስ ውስጥ ካፖርቴ ርሶ ቆሜ ስሄድ ማን ባጠገቤ እንዲሆን የተመኘሁ ይመስልሻል?”

“ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ!”

“ምን ብዬ? በምን ቃል?”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በማግስቱ አብረው ሐኪም ቤት ሄዱ። ኤዲት ስለ ወገቧ ልትጀምር ስትል ሄስተር እጇን ያዘችና፣ ጆሮዋ እስኪቀላ አፍራ፣ ነገሩን በስሙ ጠርታ ነገረችላት። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ትልቁ ከተማ፣ ሆስፒታል ላካቸው። እዚያ ሆዷን ከፍተው አዩና፣ የሚደረግ ነገር ስላልነበር መልሰው ሰፉት። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ያለ ማንም አልነበረም፤ ሄስተር ግን ማንም ሳይለው ሰማችው።

ኤዲት ከሆስፒታል ስትመለስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

“ሐሙስ መጥቼ መስኮቱ ዳር መቀመጥ እፈልጋለሁ። ዳቦውን ከነቅቤው። ግን ገበያ ቀን ነው፤ በሮቹ ሁሉ የተያዙ እንደሆነስ?”

“አይያዙም” አለች ሄስተር።

በዚያ ሐሙስ ጠዋት፣ ሄስተር ሆልሮይድ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ያላደረገችውን አደረገች። ከቁምሳጥኗ “ተበላሽቷል” የሚለውን ካርቶን አወጣችና ምንም ባልሆነው የመጨረሻው በር ላይ ሰቀለችው። ምሳ ሰዓት አካባቢ ከጣሪያው መስታወት በላይ አንድ የማታውቀው ጥላ ታየ፤ ቀስ ያለ፣ እየቆመ የሚሄድ። ኤዲት የብረቱን አጥር ይዛ፣ አንድ ደረጃ ወርዳ እያረፈች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደች። ታች ስትደርስ ዙሪያዋን አየች።

“ነጭ ነው” አለች።

“ምን መስሎሽ ነበር?”

“እንጃ። ጨለማ። አበባም አለሽ!”

“ደግሞም ያብባል። ነይ በዚህ።” ሄስተር መክፈቻዋን አውጥታ የመጨረሻውን በር ልትከፍት ስትል ኤዲት ክንዷን ያዘቻት።

“ተይ። ከፍዬ ነው የምገባው።” ጓንቷን አወለቀች፤ ፔኒዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ በቀዳዳው ጨመረች። ናሱ ቀጭ አለና ተከፈተ።

እንዲህ ሆኖ ከፀደይ እስከ ቅጠል መርገፊያ ተዘለቀ። ኤዲት በአውቶቡስ ትወርዳለች፣ ደረጃውን ትወርዳለች፣ ሻይ ቤቱ ትቀመጣለች፣ እንደገና ትወርዳለች፤ ደፋር ከሆነች ጨርቅ ሻጩ ድንኳን ድረስም ሄዳ ለማርጀሪ ልጅ ቁራጭ ትመርጣለች። ሄስተር ከምሳዋ የተረፈውን ቅቤ ዳቦው ላይ እየቀባችላት ትስቃለች። ሁለቱም እንዲህ አውርተው አያውቁም ነበር፣ በልጅነታቸው እንኳ። አንዴ ነገሩን በስሙ ከጠሩት ወዲህ ሌላው ሁሉ ቀላል ሆነላቸው።

አንድ ሐሙስ የሱፍ ፋብሪካዋ ቤላ፣ ምላሷ ከመርፌ የሾለ ሴት፣ ተራ ይዛ ቆማ ሳለች ኤዲት ከተበላሸው በር ወጣች።

“እንዴ ሄስተር!” አለች ቤላ ክንዷን አጣጥፋ። “እኚህ እመቤት ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው? ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሲጠግኑ አያቸዋለሁ፣ አይድንም!”

ሴቶቹ ሳቁ። ኤዲት እስከ ባርኔጣዋ ቀላች። ሄስተር ፊቷን ወደ ቧንቧው አዞረች። ያኔ ኤዲት ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተመለሰችና በሩ ሳይዘጋ በክርኗ ያዘችው።

“ግቢ” አለቻት ለቤላ። “አሁን ተጠግኗል።”

ቤላ አየቻት፤ የከሳውን አንገት፣ የሰፋውን ካፖርት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ “እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ” ብላ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚያ በር የጠየቀ የለም። ረጅም ሰልፍ ባለበት ቀን እንኳ ሴቶቹ ካርቶኑን እያዩ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

በመጨረሻው ሐሙስ ኤዲት በሄስተር ክንድ ተደግፋ ነበር የወረደችው። ሻይ ቤቱ አልተደረሰም። በሄስተር ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰውን እግር ጥላ በጣሪያው ስታይ ቆየች።

“እናታችን ‘እስከምንችለው ድረስ ብቻ ነበር የምንሄደው’ ትል አልነበር?” አለች። “እኔም እንግዲህ እስከምችለው መጣሁ።”

በኅዳር፣ ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ ከተማውን በዋጠበት ሳምንት፣ ኤዲት ሞተች። ሰዉ “አንቀላፋች” ይል ነበር። ሄስተር ይህንን ስትሰማ ተነስታ ወደ መስኮት ሄደች። የአገሩ ደንብ ሰው ፊት ማልቀስን አይወድምና አላለቀሰችም። ከቀብሩ በኋላ ካራና ሹካው ሲንኳኳ፣ ቀዝቃዛው ሥጋ ሲታደል፣ አንድ የሃሮልድ ዘመድ ምን እንደምትሠራ ጠየቃት። ሃሮልድ፣ “ከማዘጋጃ ቤቱ...” ብሎ ሲጀምር ማርጀሪ ሕፃኗን ታቅፋ ከወዲያ ጫፍ፣

“አክስቴ በአደባባዩ ሥር ያለውን የሴቶች ሽንት ቤት ነው የምትጠብቀው” አለች፤ ሁሉም ሰማ። ወይዘሮ ቶርንበር ወደ ሳህኗ አቀረቀረች።

“ንጹሕ ነው” አለች ኋላ ቀስ ብላ። “እኔም ገብቼበታለሁ።”

ሄስተር ካርቶኑን አላነሳችም። ሐሙስ ሲመጣ የመጨረሻው በር ይበላሻል፤ ዓርብ ይድናል። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ከዚያ የአገሩ ገንዘብ ይቀየራል ተባለ፤ አሮጌዋ ትልቅ ፔኒ ቀረች። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ የናሱን መቆለፊያዎች ሊፈታ የመጣው፣ እንዳጋጣሚ፣ ሐሙስ ነበር። ሄስተር እንደሚጣሉ እያወቀች ጠዋት ሁሉንም ወልውላቸዋለች። ሰውየው ከመጀመሪያው በር ጀምሮ እየፈታ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እየጣለ መጣና መጨረሻው ጋ ሲደርስ ቆመ።

“ይኼኛው ምን ሆኖ ነው?”

“ምንም አልሆነም።”

“ተበላሽቷል ይላል’ኮ።”

ያኔ የእንጨት ጫማ ደረጃውን እያንኳኳ ወረደ። ቤላ ናት፣ ሁለት እጇ በገበያ ዕቃ የተያዘ። በሮቹን አየች። ሁሉም መቆለፊያቸው ተነቅሎ፣ ቀዳዳቸው ወና ሆኖ ወለል ብለዋል። የሚዘጋው አንድ ብቻ ነው። ቤላ እግሯን አጣምራ ቆመች። እንደምንም ሽንቷን ይዛ ልትመለስ ነበር።

ሄስተር ሄዳ ካርቶኑን አወረደችው። መክፈቻዋን አስገባችና በሩን ከፍታ በክርኗ ያዘችው።

“ግቢ” አለች።

ቤላ ስትወጣ በሩን አልለቀቀችውም። ደገፍ አድርጋ እንደያዘች ቆመች። ሄስተር ካርቶኑን ደረቷ ላይ ታቅፋለች።

“ተከታይ የለም” አለች ሄስተር። “ዝጊው።”

“አንቺ አለሽ አይደል? ግቢ።”

“አልመጣብኝም።”

“እሱን ማን ጠየቀሽ?” አለች ቤላ፣ በቀስታ። “ስንት ዓመት ከፍተሽልናል፤ ግቢ አሁን።”

ሄስተር ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ፤ ናሱ ቀጭ አለ። ቤላ ወደ ሠራተኛው ዞረችና፣ “አንተ ደግሞ ወደ ላይ ውጣ፣ ሻይህን ጠጥተህ ና” አለችው። እሱ ሲወጣ ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደችና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።